በሆርሞን መርፌ የታገዘ የላሞች ማዳቀል አገልግሎት፦ የአንድ ወተት አምራች ግምገማ

በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በኩል በዘመቻ የሚሰጠውና ባለሙያውም አርሶ አደሩም «ሲንክሮናይዜሽን» የሚለው አገልግሎት፣ ላሞችና ጊደሮች በሆርሞን መርፌ በተቀራራቢ ቀናት ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በሰው ሰራሽ ዘዴ የማዳቀል ሥራ ነው። ጥቂት ዲቃላ ላሞችን ለወተት የማረባ ሰው እንደመሆኔ አገልግሎቱን በዘመቻም፣ በስልክ ተጠርቶ በሚመጣ የግል አዳቃይም በኩል አግኝቼዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መርፌው የተባለለትን ይሠራል፤ ገንዘቡና ድካሙ የሚባክነው ከመርፌው በፊት መደረግ ያለበት ምርመራ ሲዘለልና፣ ከተዳቀለች በኋላ ላሟን ተመልሶ የሚያያት ሲጠፋ ነው።

ሰው ሰራሽ ማዳቀል ወደ አካባቢያችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በአሥመራ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋርጦ በ1952 እንደገና ተጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ካዱ» በሚለው ስሙ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ሥራውን ለብቻው አካሄደ፤ ብሔራዊው የሰው ሰራሽ ማዳቀል ማዕከል ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው በ1984 ነው። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎም የገጠሩ ችግር አንድ ዓይነት ሆኖ ቆይቷል። ላሟ ሌሊት ኮርማ ትፈልጋለች፤ ባለቤቷ ጠዋት ያያል፤ አዳቃዩ የሚደርሰው በማግሥቱ ነው፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ከአገር ውስጥ አጋሮቹ ጋር በሐዋሳና ዳሌ እንዲሁም በአዲግራትና መቀሌ አካባቢ ላሞችን በሆርሞን አቀናጅቶ በጅምላ የማዳቀል ሙከራ ያካሄደው ይህንን የሰዓት ጣጣ ለማቃለል ነበር። አዳቃዩ አንዲት ላም ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ከሚባዝን፣ በታወቀ ቀን አንድ ቦታ ተቀምጦ ብዙ ላሞችን ያዳቅል የሚለው ሐሳብ ወደ ሌሎች ወረዳዎች የተዛመተውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

የመርፌውን አሠራር ሳይረዱ አገልግሎቱን መገምገም ስለማይቻል በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የላም የመራቢያ ዑደት በአማካይ 21 ቀን ሲሆን ከ18 እስከ 24 ቀን ድረስ ይለያያል። እንቁላል ከወጣ በኋላ፣ በወጣበት ቦታ ላይ ቢጫ አካል የሚባል እብጠት ይበቅልና ፕሮጄስቴሮን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራል፤ ይህ ሆርሞን በደም ውስጥ እስካለ ድረስ ላሟ ኮርማ አትፈልግም። ካላረገዘች ግን በ16ኛው ወይም በ17ኛው ቀን ገደማ ማህፀኗ ራሱ ፕሮስታግላንዲን ያመነጭና ቢጫውን አካል ያጠፋዋል፤ ፕሮጄስቴሮኑ ይወርዳል፣ አዲስ እንቁላል ይበስላል፣ ላሟም ኮርማ መፈለጓን ታሳያለች። በዘመቻ የሚሰጠው መርፌ ይኸው ፕሮስታግላንዲን ወይም እሱን የሚመስል በፋብሪካ የተሠራ ውህድ ነው፤ ሉታላይዝና ኤስትሩሜት የሚባሉት የንግድ ስሞች በዚህ ጎራ የሚመደቡ ናቸው። የሰውነቷን ሥራ ከቀኑ አስቀድሞ ስለሚሠራ፣ ላሟ ከተወጋች ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በዘመቻው ቀን ለባለቤቶች በደንብ ሲብራራ አልሰማሁም። መርፌው የሚያጠፋው ቢጫ አካል ከሌለ የሚሠራው ሥራ የለም። ኮርማ ከፈለገች ገና አምስት ቀን ያልሞላት ላም ቢጫ አካሏ ለጋ ስለሆነ ለመርፌው አይበገርም። ስለዚህ ከ21 ቀናት ውስጥ መርፌው በርግጥ የሚይዘው 12 ያህሉን ነው፤ ዑደታቸው ሊያልቅ የተቃረቡት ደግሞ መርፌውን ቢወጉም ባይወጉም በዚያው ሰሞን በራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ፣ ማለትም ኮርማ ይፈልጋሉ። ዑደቷን የጠበቀች ጤነኛ ላም እንኳ አንዴ ተወግታ ላትመጣ ትችላለች ማለት ነው። ከመጀመሪያው መርፌ 11 ወይም 14 ቀን ቆይቶ ሁለተኛ መርፌ ቢሰጥ በመጀመሪያው ያመለጡት ሁሉ ማለት ይቻላል በሁለተኛው ይያዛሉ፤ ይህ ግን ወጪውን እጥፍ ያደርገዋል። በእኛ ወረዳ የሚሰጠው አንድ መርፌ ብቻ ነው። ወጪውን ለመቀነስ የተደረገ ምርጫ ስለሆነ አልቃወመውም፤ ሆኖም ባለሙያው ላሟን በእጁ ዳስሶ ቢጫ አካል መኖሩን ካላረጋገጠ ምርጫው ወደ ዕጣ ማውጣት ይለወጣል።

ዋናው የአገልግሎቱ ጥራት መለኪያም በእኔ አስተያየት ይኸው ዳሰሳ ነው። በአንደኛው ዘመቻ የመጡት ባለሙያዎች እያንዳንዷን ላም ክራሽ ወደሚባለው፣ ላም እንዳትንቀሳቀስ ወደሚይዘው ጠባብ አጥር አስገብተው፣ ረጅም ጓንት አጥልቀው በፊንጢጣዋ በኩል ማህፀኗንና የእንቁላል ዕጢዎቿን ዳሰሱ፤ ያረገዙትን፣ የከሱትንና ዑደት ያልጀመሩትን ለይተው መለሱ። ባለቤቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ «ከሩቅ ነድተን አምጥተን እንዴት ትመልሱናላችሁ» ያሉም ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመቻ የተወጉት አብዛኞቹ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ኮርማ ፈልገው ሲዳቀሉ አይቻለሁ። በሌላ ጊዜ በተካሄደው ግን ሰልፉ ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት፣ የሚሞላው ዕቅድ ደግሞ ብዙ ስለነበር ምርመራው ወደ ጥያቄ ወረደ፦ «መቼ ወለደች? ኮርማ አግኝቷታል?» እየተባለ በባለቤቱ ቃል ተወጋ። አንዲት ጎረቤቴ ላማቸው በግጦሽ መስክ ከወል ኮርማ ጋር ተገናኝታ እንደነበር አያውቁም ነበርና «አላገኛትም» አሉ። ላሟ ከቀናት በኋላ ጽንሷን ጣለች። ፕሮስታግላንዲን ያረገዘችን ላም፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ውስጥ ያለችውን ያስወርዳታል፤ ጽንሱን የሚይዘው ያው ቢጫ አካል ነውና። ይህ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ሳይቀር የተጻፈ፣ ማንም አዳቃይ ሊስተው የማይገባ ነገር ነው። ጎረቤቴ ለባለሙያዎቹ በእርጋታ የነገሯቸውን መልስ አሁን መጻፍ አያስፈልግም፤ ካሳ ግን አላገኙም።

ሌላው በዳሰሳ ተለይቶ መመለስ ያለበት ከስታ ጥጃ የምታጠባ ላም ናት። በአገራችን ጥጃው ከእናቱ ጋር እየዋለ ስለሚጠባ፣ ጡቱን በነካ ቁጥር ለእንቁላል መብሰል የሚያስፈልገው የአንጎል ትእዛዝ ይዳከማል፤ በዚህ ላይ መኖ ካነሰ ዑደቷ ለብዙ ወራት ይተኛል። እንዲህ ያለችውን ላም ፕሮስታግላንዲን መውጋት መብራት በሌለበት ቤት ማብሪያና ማጥፊያውን እንደ መጫን ነው። ከ1 (በጣም የከሳች) እስከ 5 (በጣም የወፈረች) በሚሰጠው የሥጋ አቋም ነጥብ ቢያንስ 2.5 መድረስ እንዳለባት በየሥልጠናው ይነገራል። በሜዳው ላይ ግን የጎን አጥንቷ የሚቆጠር ላም ይዞ ተሰልፎ መርፌ ያገኘ ሰው አይቻለሁ፤ ምንም ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ «መድኃኒቱ ጊዜው ያለፈበት ነው» የሚል ወሬ ተዛመተ። ዑደቷ ለቆመ ላም የሚሆኑ ሌሎች ዘዴዎች አሉ። በብልት በኩል ገብቶ ለ7 ቀን ያህል ፕሮጄስቴሮን የሚለቅ ሲዲር የተባለ መሣሪያ አለ፤ በ1995 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ይፋ የሆነውና ሁለት ዓይነት ሆርሞኖችን በተወሰነ ሰዓት እያፈራረቀ የሚሰጠው ኦቭሲንክ የተባለው መርሐ ግብርም አለ። እነዚህ ግን ዋጋቸውና ድግግሞሻቸው ለትልልቅ እርባታ እንጂ ሁለትና ሦስት ላም ላለው ሰው አይመጥኑም፤ ለእኛ የሚቀርበን መድኃኒት መኖና ጥጃውን በጊዜ መለየት ነው።

ወደ ማዳቀሉ ሰዓት ስንመጣ በ1940ዎቹ በኔብራስካ ትሪምበርገር የተባለ ተመራማሪ ያጠናው ሕግ ዛሬም ይሠራበታል፦ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየች ማታ፣ ማታ የታየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ፍላጎቷ ከጀመረ ከ24 እስከ 32 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲሆን፣ ወጥቶ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ የኮርማው ዘር ደግሞ ማህፀን ውስጥ አንድ ቀን ያህል ሊቆይ ቢችልም ለማዳቀል ከመብቃቱ በፊት ጥቂት ሰዓታት ያስፈልጉታል። የዘቡ ዝርያ የሆኑት የአገራችን ላሞች ፍላጎታቸው አጭር፣ አብዛኛውን ጊዜም የሌሊት ስለሆነ በዓይን ለመያዝ ያስቸግራል፤ ሌላ ላም ስትሰርራት ዝም ብላ መቆሟ ከሁሉም የታመነ ምልክት ነው። በዚህ ረገድ የዘመቻው አገልግሎት ከጠበቅሁት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አዳቃዮቹ ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት በቀበሌው ስለሚሰነብቱ፣ ምልክቷን ያየ ሰው ጠርቷቸው በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ሰብስቦ ምልክት ታየም አልታየም ማዳቀልን የሚመርጡ ወረዳዎች እንዳሉ ከባለሙያዎች ሰምቻለሁ፤ ምርጫ ካላችሁ ምልክት ጠብቆ የሚያዳቅለውን ምረጡ።

የዘሩ አያያዝ ግን እጅጉን ይለያያል። ዘሩ በ0.25 ሚሊ ሊትር ቀጭን ስትሮ ውስጥ ሆኖ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀመጣል። ስትሮው ሲወጣ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ወይም ለ40 ሴኮንድ ያህል ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ከፀሐይና ከነፋስ ተጠብቆ ወዲያው መሰጠት አለበት። እኔ ያየሁት አንደኛው አዳቃይ ቴርሞሜትር በኪሱ ይዞ፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ ይሠራ ነበር። ሌላው ከፔርሙዝ የቀዳውን ውኃ በጣቱ ነክቶ «ልክ ነው» አለ። ይኸኛው ከታንኩ አፍ ላይ ስትሮ ሲመርጥ ያነሳቸውን መልሶ ሲከትም አየሁት፤ አንዴ ብልጭ ብሎ የሞቀ ዘር ተመልሶ ቢቀዘቅዝም የሞተው አይነሣም፣ ጉዳቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። ላሟ ከ21 ቀን በኋላ ተመልሳ ኮርማ ስትፈልግ የሚወቀሰው ወይ መርፌው ወይ ላሟ ነው። አዳቃያችሁን ቴርሞሜትር መጠየቅ አያሳፍርም፤ ጥሩው አዳቃይ በጥያቄው አይቀየምም።

የዘር ምርጫው በዘመቻ ጊዜ የሚያረካ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ያለው የሆለስታይን ፍሪዥያን ዘር ነው፤ ጀርሲ ሲጠየቅ «አልቋል» ይባላል። ለትልቅ ዲቃላ ላም ሆለስታይኑ ችግር የለውም። ሰውነቷ ትንሽ ለሆነ የአገር ውስጥ ጊደር ግን ጥጃው ገዝፎ በምጥ ጊዜ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ጥጃው አነስ የሚለውን ጀርሲ መጠበቅ ይሻላል። በስትሮው ላይ የታተመውን የኮርማ ቁጥር መመዝገብም የባለቤቱ ድርሻ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ኮርማ ዘር የተወለደች ጊደር በዚያው ኮርማ ዘር እንዳትዳቀል ሌላ መከላከያ የለም። የግል አቅራቢዎች ዘንድ የሚገኘው ጾታው የተለየ ዘር ከአሥር ዘጠኝ ያህል ሴት ጥጃ ይሰጣል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ የመያዝ ዕድሉም ከተራው ዘር ያንሳል። ስለዚህ በደንብ ለደረሰች፣ ዑደቷ ለተስተካከለ ጊደር ካልሆነ አልመክረውም።

አገልግሎቱ ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ጎልቶ የታየኝ ግን ብዙ ሰው የማያነሣው ነው፤ የመውለጃውን ወር መምረጥ ያስችላል። የላም እርግዝና 283 ቀን ገደማ ነው። ጥቅምት 15 ቀን የተዳቀለች ላም ሐምሌ 28 አካባቢ ትወልዳለች ማለት ነው። ጥቅምት ከክረምቱ ሣር በኋላ ላሞች ሥጋ የያዙበት ወር ስለሆነ መርፌውም በደንብ ይሠራል። ስትወልድ ደግሞ ለምለም መኖ ይጠብቃታል፤ ወተቷ ከፍ የሚልበት ከወለደች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያለው ጊዜ ፍልሰታ ካለፈ በኋላ፣ ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ገበያው የሚቀዘቅዝበት ዐቢይ ጾም ሲደርስ ወተቷም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሊትሩን በግማሽ ዋጋ የማስረከብ ወይም ለቅቤ የመናጥ ግዴታው ይቀላል። በአንጻሩ በግንቦት የተዳቀለች ላም የካቲት ላይ ወልዳ፣ ከፍተኛ ወተቷን በጾሙ መካከል ታፈሳለች። ዘመቻው በእኛ አካባቢ በጥቅምትና በኅዳር መደረጉ ይመቸኛል። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲወልድለት በመስከረም የወተቱ ብዛት ዋጋውን ትንሽ እንደሚጎትተው አልክድም፤ ከጾሙ ወቅት ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ነው።

ከሁሉ የከፋው ድክመት ከማዳቀሉ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የዘመቻው ሪፖርት የሚቆጥረው የተወጉትንና የተዳቀሉትን ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ላሞች ተወግተው ሃያዎቹ ዑደት ያልጀመሩ ቢሆኑ፣ ከቀሩት 80 ውስጥ ሦስት አራተኛው ማለትም 60ዎቹ ኮርማ ቢፈልጉና ከእነሱም ግማሹ ቢይዙ፣ የሚያረግዙት 30 ናቸው። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው 100 ወይም 60 ነው፤ አርሶ አደሩ የሚያየው 30ውን ነው። በ60ኛው ቀን ገደማ በዳሰሳ እርግዝና ሊታወቅ እየተቻለ፣ ለዚህ ተመልሶ የመጣ ባለሙያ በዘመቻው በኩል አላየሁም። ያልያዘችው ላም በ21ኛው ቀን ተመልሳ ስትፈልግ ዘመቻው ተጠናቅቋል፣ ናይትሮጅኑም ወደ ሌላ ወረዳ ሄዷል። ባለቤቷ አረገዘች ብሎ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ የባከነው የእነዚያ ወራት መኖ ከመርፌው ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

በዚህ በኩል የግል አዳቃዩ ይሻላል። በሞተር ብስክሌት በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ካርድ ይሞላል፣ ከከፈላችሁት የእርግዝና ምርመራውንም ያደርጋል። ክፍያው ከዘመቻው በጣም ይበልጣል፤ ለአንዲት የምትታለብ ዲቃላ ላም ግን የአንድ ዑደት መዘግየት የሚያስከፍለው ወተት ሲታሰብ ውድ ነው አልልም። የማልወድለት ጠባዩ ላሟ ደጋግማ ብትመለስም ሳይጠይቅ ደጋግሞ ማዳቀሉ ነው። ሦስት ጊዜ ተዳቅላ ያልያዘች ላም የሚያስፈልጋት አራተኛ ስትሮ ሳይሆን ማህፀኗን የሚመረምር የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የተደበቀ የማህፀን ቁስለት ወይም ከኮርማ የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርባት ይችላል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ፕሮስታግላንዲን በቆዳ በኩል ይሰርጋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም አስም ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። በየቤቱ ላሟን የምታልበው፣ በዘመቻውም ቀን ገመዷን ይዛ የምትቆመው ሴት መሆኗ እየታወቀ ይህ ማስጠንቀቂያ በሜዳው ላይ ሲነገር አልሰማሁም። ጓንትና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ለመጪው ጥቅምት ከበረቴ የማቀርባቸውን ለይቻለሁ። ጥጃዋን የተለየችውና ሥጋ የያዘችው ላም፣ ደጋግማ በየ21 ቀኑ ኮርማ ስትፈልግ ያየኋትም ጊደር ይገባሉ፤ ከመወጋታቸው በፊት ካልተዳሰሱ ግን ይዣቸው እመለሳለሁ፣ የ60ኛው ቀን ቀጠሮም በካርዳቸው ላይ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ከሰኔ ጀምሮ እያጠባች የከሳችው አሮጊቷ ላም ግን አትገባም፤ ለእሷ የገዛሁት ፋጉሎ፣ ማለትም ኑግ ለዘይት ተጨምቆ የሚቀረው ተረፈ ምርት ነው፣ ጎኗ ሲሞላ የግል አዳቃዩን እጠራላታለሁ።